እሳት ብቻውን ለማይበቃቸው፦ በምግብ ዕፅዋት ውስጥ ያሉ ተፈጥሯዊ መርዞችን የማስወገጃ ዝርዝር መመሪያ

«በደንብ ከበሰለ ምንም አያደርግም» የሚለው እምነት ለቀይ ቦሎቄ ይሠራል፤ ለድንች አይሠራም። ለግብጦ የሚሠራው በግማሽ ነው። ለካሳቫ ደግሞ ጭራሽ ሊያሳስት ይችላል፤ ሥሩን ሳይከትፉና ሳይዘፈዝፉ በቀጥታ ፈልቶ በሚጠብቅ ውኃ ውስጥ መክተት መርዙን የሚያስወጣውን ኢንዛይም ቀድሞ ስለሚገድለው አብዛኛው መርዝ እዚያው ይቀራል። አራቱም በብዙ አገሮች በየዕለቱ የሚበሉ ሰብሎች ናቸው፤ አራቱም በተፈጥሯቸው መርዝ ይይዛሉ፤ አራቱም በአግባቡ ሲሰናዱ ጥሩ ምግብ ይሆናሉ። ልዩነታቸው መርዙ በምን እንደሚሸነፍ ነው። ይህን ሳያውቁ የአንዱን ዘዴ ለሌላው መጠቀም ስንት ቤተሰብ እንደጎዳ ሳስብ፣ ስለ አመጋገብ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ በቅድሚያ መነገር ያለበት ይህ ይመስለኛል።

የመርዙን ጠባይ ለይታችሁ ጀምሩ

ማንኛውንም መርዝ ያለበት ሰብል ስትይዙ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ መርዝ የሚጠፋው በምንድን ነው? መልሱ ከአራቱ አንዱ ነው። በቦሎቄ ውስጥ ያለው ሌክቲን የተባለው መርዝ ፕሮቲን ስለሆነ በከፍተኛ ሙቀት ይበላሻል። አልካሎይድ የሚባሉት የግብጦ መራራ መርዞች ሙቀት አይበግራቸውም፤ ነገር ግን በውኃ ይሟሟሉ፣ ስለዚህ ታጥበው ይወጣሉ። የካሳቫው መርዝ ሥሩ ሲደቅቅ በራሱ ኢንዛይም ተሰብሮ ወደ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይለወጥና ይተናል። የድንቹ ሶላኒን ግን በተለመደው አበሳሰል አይበላሽም፣ በውኃም እምብዛም አይሟሟም፤ ስለዚህ ያለው አማራጭ ያለበትን ክፍል ቆርጦ መጣል፣ ከበዛም ድንቹን ራሱን መተው ነው።

ከዚህ ውጪ የሚቀረው አንድ ጉዳይ ለሌላው ሰው ምግብ የሆነው ለአንዳንዱ ሰው መርዝ የሚሆንበት ሁኔታ ነው። እርሱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ደረጃ 1፦ በምላስ መፈተን፣ የምላስንም ወሰን ማወቅ

ምሬት ብዙ ጊዜ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። በዱባ፣ በዙኪኒ፣ በኪያርና በቅል ላይ ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ያገለግላል። እነዚህ ተክሎች ኩከርቢታሲን የተባሉ እጅግ መራራ ንጥረ ነገሮችን የማምረት ችሎታ አላቸው። ለምግብ የሚለሙት ዝርያዎች ለብዙ ትውልድ ተመርጠው ምሬታቸው እንዲጠፋ ተደርጓል፤ ነገር ግን ለጌጥ ከተተከለ ቅል ወይም ከበረሃ ዘመዳቸው ጋር በንብ አማካይነት ሲዳቀሉ፣ ከዚያ ፍሬ የተወሰደው ዘር በቀጣዩ ዓመት መራራ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን አንድ አዛውንት በጓሮ የበቀለ መራራ ዙኪኒ በልተው ሕይወታቸው አልፏል። መብሰሉ አላዳናቸውም፤ ኩከርቢታሲን በማብሰል አይጠፋም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፍሬውን ከመክተፋችሁ በፊት ከጫፉ የጥፍር ያህል ቁረጡና ጥሬውን በምላሳችሁ ጫፍ ንኩት። ከመረረ ትፉት፣ አፋችሁን ተጉመጥመጡ፣ ፍሬውን ሙሉ በሙሉ ጣሉት። ስኳር፣ ጨው ወይም ቅመም ጨምሮ ምሬቱን ለመሸፈን መሞከር ሞትን እንደ መጋበዝ ነው። በተለይ የቅል ጭማቂ ለጤና ይበጃል እየተባለ በሚጠጣበት በህንድ መራራውን «መድኃኒት ነው» ብለው የጨረሱ ሰዎች ለደም ትውከትና ለሞት ተዳርገዋል። ዘር የምትሰበስቡ ከሆነም ከጌጥ ቅሎች አጠገብ ካደገ ተክል ዘር አታስቀሩ።

የምላስ ወሰን ግን እዚህ ላይ ነው፦ ጓያ አይመርም፤ ጥሬ ቦሎቄም አይመርም፤ የጉሎ ፍሬም በጣዕሙ በቂ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ስለዚህ ምሬት ካለ መጣል እንጂ ምሬት ስለሌለ መብላት አይገባም። በዱር ያገኛችሁትን የማታውቁትን ተክል ደግሞ ለሙከራም ቢሆን ወደ አፋችሁ አታስጠጉ።

ደረጃ 2፦ ድንችን መምረጥ፣ ማስቀመጥና መላጥ

ድንች ሶላኒንና ቻኮኒን የተባሉ ሁለት ግላይኮአልካሎይዶች አሉት። በጤናማ ድንች ውስጥ መጠናቸው አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ ግራም ከ20 እስከ 100 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ 200 ሚሊ ግራም ማለፍ የሌለበት ጣሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። ድንች ብርሃን ሲያገኘው፣ ሲመታ፣ ሲቆስል ወይም ሲበቅል መጠኑ ይጨምራል።

ቅርፊቱ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ቀለም ራሱ መርዝ አይደለም፤ ክሎሮፊል ነው። ሆኖም ክሎሮፊሉን ያመጣው ብርሃን ሶላኒኑንም ስለሚያበዛው አረንጓዴውን እንደ ምልክት መቁጠር ይገባል። ተንኮሉ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አለመሄዳቸው ነው፤ የተመታ ድንች አረንጓዴ ሳይሆን ሶላኒኑ ሊጨምር ይችላል።

በእጃችሁ የገባውን ድንች አንድ በአንድ አገላብጣችሁ እዩ። ጠንካራ ሆኖ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ፣ አረንጓዴውን ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡና ቀሪውን ላጡት። ቡቃያ ካወጣ ቡቃያውን መገንጠል ብቻ አይበቃም፤ ከፍተኛው ክምችት ያለው በቡቃያውና በ«ዓይኑ» ዙሪያ ስለሆነ በቢላዋ ጫፍ ጎድጎድ አድርጋችሁ አውጡት። አረንጓዴው ብዙውን ክፍል የሸፈነው፣ የተጨማደደና ለስላሳ የሆነ፣ ወይም ረጃጅም ቡቃያ ያበዛ ድንች ግን ለማዳን የሚደከምለት አይደለም። በስሎም ቢሆን አፍ ላይ ምሬት ወይም ጉሮሮን የማቃጠል ስሜት ከፈጠረ ወዲያውኑ መብላቱን አቁሙ። ለልጅ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬ ራሱ ለመጣል በቂ ምክንያት ነው፤ ለአንድ አዋቂ የማይሰማው መጠን ለትንሽ ሰውነት ብዙ ነው።

መላጥ የሚጠቅመው አብዛኛው ግላይኮአልካሎይድ ከቅርፊቱ ሥር በስሱ የተከማቸ በመሆኑ ነው። መቀቀል ግን እምብዛም አይቀንሰውም። በለንደን በአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት 78 ተማሪዎች ምሳ ከበሉ በኋላ ታመው 17ቱ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ምክንያቱ ሲጣራ ካለፈው ወሰነ ትምህርት ተርፎ የቆየ አንድ ከረጢት ድንች ሆኖ ተገኘ። ድንቹ ተልጦና ተቀቅሎ የቀረበ ነበር። ልጆቹ በሙሉ ድነዋል።

አቀማመጡን በተመለከተ፦ ጨለማ፣ ቀዝቃዛና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ምረጡ። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አትጠቀሙ። የድንች ቅጠል፣ አበባና አረንጓዴ ፍሬ ፈጽሞ አይበላም፤ ፍሬው ትንሽ ቲማቲም ስለሚመስል ልጆችን ያታልላል።

ደረጃ 3፦ ቦሎቄን በእውነተኛ ፍላት መቀቀል

ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ፋይቶሄማግሉቲኒን የተባለ ሌክቲን አለው። መጠኑ የሚለካው ቀይ የደም ሕዋሳትን በማጣበቅ ኃይሉ ነው፤ ጥሬው ከ20,000 እስከ 70,000 አሃድ ሲይዝ፣ በደንብ የበሰለው ወደ 200 እስከ 400 ይወርዳል። አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ አንድን ሰው ለማሳመም በቂ ነው። ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በከባድ ማቅለሽለሽና ትውከት ይጀምርና ተቅማጥ ይከተላል። ነጭ ቦሎቄ የቀዩን አንድ ሦስተኛ ያህል ይይዛል፤ ባቄላ ከዚያም ያነሰ ነው።

አደጋው ያለው ከፍላት በታች በሆነ ሙቀት ላይ ነው። በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀስ እያለ የሞቀ ቦሎቄ ከጥሬው የበለጠ፣ እስከ አምስት እጥፍ ድረስ፣ መርዛማ ሊሆን እንደሚችል ተመዝግቧል። ስለዚህ በዝግታ የሚያበስሉ የኤሌክትሪክ ድስቶች ቀይ ቦሎቄን ከጥሬው ጀምሮ ለማብሰል አይሆኑም። የፍሬው መለስለስም አያታልላችሁ፤ ለስልሶም መርዙ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል።

ቢያንስ ለአምስት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፉት። ውኃውን ድፉት፤ እጠቡት። በአዲስ ውኃ ጥዳችሁ እስኪንተከተክ ጠብቁ፣ ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩትም ያን ጊዜ ነው። በ100 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ መንተክተክ ሌክቲኑን እንደሚያጠፋ ይታወቃል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን ለጥንቃቄ 30 ደቂቃ ይመክራል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ እስኪበስል ድረስ በቀላል እሳት መቀጠል ይቻላል።

ከፍታ ቦታ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች አንድ ጉዳይ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ የውኃ መፍያ ነጥብ በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በ2,400 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ እየተንተከተከ እያያችሁት ሙቀቱ 100 አልደረሰም ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የፍላቱን ጊዜ በደንብ ማርዘም ወይም፣ ከሁሉም የሚሻለው፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት መጠቀም ያስፈልጋል። የታሸገ የቆርቆሮ ቦሎቄ በፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚበስል እንዳለ መብላት ይቻላል።

ደረጃ 4፦ ካሳቫ፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው

ካሳቫ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንድንቆይ ይፈቀድልኝ፤ አቋራጭ መንገድ እንደዚህ ሰው የሚጎዳበት ሌላ ሰብል አላውቅም።

በሥሩ ውስጥ ሊናማሪን የተባለ ውሕድ አለ። በሌላ የሕዋስ ክፍል ደግሞ ሊናማሬዝ የተባለ ኢንዛይም ተቀምጧል። ሥሩ ሲከተፍ፣ ሲፋቅ ወይም ሲወቀጥ ሁለቱ ይገናኙና ሊናማሪኑ ይሰበራል፣ በመጨረሻም ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣል። ይህ ሳያናይድ የሚፈላው በ26 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በቀላሉ ወደ አየር ይተናል። እንግዲህ የአሠራሩ ምስጢር ኢንዛይሙ ሥራውን እስኪጨርስ ጊዜ መስጠት፣ ከዚያም የወጣው ጋዝ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሊናማሪን ራሱ ሙቀት ይችላል፤ ኢንዛይሙ ግን አይችልም። ለዚህ ነው እሳቱ መቅደም የሌለበት።

ካሳቫ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በሁለት ይከፈላል። በአንድ ኪሎ ግራም ጥሬ ሥር ከ50 ሚሊ ግራም በታች ሳያናይድ የሚያመነጨው ጣፋጭ፣ ከዚያ በላይ የሆነው መራራ ይባላል። የካሳቫ ዱቄት ደግሞ በኪሎ ግራም ከ10 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። በድርቅ ወቅት ጣፋጩም ቢሆን መርዙ ይጨምራል።

ጣፋጩን ዝርያ ለማዘጋጀት ቅርፊቱን ከውስጠኛው ወፍራም ሽፋን ጋር ላጡት፤ በትንንሹ ክተፉት፤ ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ ጣዱት፣ ውኃው ቀስ ብሎ ሲሞቅ ኢንዛይሙ የሚሠራበት ጊዜ ያገኛል። ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ ቀቅሉና ውኃውን ድፉት። ጥሬውን መብላት አይቻልም።

መራራው ግን በመቀቀል ብቻ አይመለስም። ሥሩ ተልጦ ውኃ ውስጥ ቢያንስ ለሦስት ቀን ተዘፍዝፎ፣ ተብላልቶና ለስልሶ፣ ከዚያ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። ሌላው መንገድ በመፋቂያ ፍቆ፣ ለጥቂት ቀናት አብላልቶ፣ ጨምቆ መቁላት ነው፤ ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ሳያናይድ ስላለበት አየር በሚገባበት ቦታ መሆን አለበት። ከእነዚህ ቀናት አንዷን እንኳ መቁረጥ ዋጋ ያስከፍላል። ዛየር ትባል በነበረችው አገር መንገድ ተከፍቶ የከተማ ገበያ ሲቀርብ አንዳንድ መንደሮች ሦስቱን ሌሊት ወደ አንድ ሌሊት አሳጠሩት፤ ኮንዞ የተባለው በሽታም ተከተለ። ኮንዞ ሁለቱን እግሮች በድንገት የሚያስር፣ የማይድን ሽባነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በሞዛምቢክ ናምፑላ ግዛት በድርቅ ወቅት ከ1,000 በላይ ሰዎች ተጠቅተዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ሰውነት ሳያናይድን የሚያረክሰው ድኝ ባዘሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ክፍሎች) እየታገዘ ስለሆነ፣ ፕሮቲን በሌለበት ገበታ ላይ ጉዳቱ ይከፋል። ካሳቫ ዋና ምግባችሁ ከሆነ ጥራጥሬ፣ እንቁላል ወይም ዓሣ አብሮ መኖሩ የመከላከያው አካል ነው።

አሁን በእጃችሁ ያለው ዱቄት በደንብ መሰናዳቱን ካልተማመናችሁ፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ሃዋርድ ብራድበሪ ያበለጸጉት ዱቄቱን የማርጠብ ዘዴ አለ። ሚዛንም ቴርሞሜትርም አይፈልግም። ዱቄቱን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምራችሁ ላዩን አስተካክሉ፤ ዱቄቱ የደረሰበትን ከፍታ በሳህኑ ውስጠኛ ጎን ላይ በምልክት አስምሩ። ከዚያ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ አማስሉ። መጀመሪያ ዱቄቱ እየረጠበ ይወርዳል፣ ከምልክቱ በታች ዝቅ ይላል፤ ውኃ መጨመሩን ስትቀጥሉ እንደገና ከፍ ማለት ይጀምራል። ምልክቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። የረጠበውን ዱቄት ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አድርጋችሁ በስሱ ዘርጉት፤ በፀሐይ ሁለት ሰዓት፣ በጥላ አምስት ሰዓት ተዉት። በዚህ ጊዜ የቀረው ሊናማሪን ተሰብሮ ጋዙ ይወጣል። ዱቄቱ በዚያው ዕለት መበሰል አለበት፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ ይበላሻል። ዘዴው የሳያናይዱን መጠን ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል። በዴሞክራቲክ ኮንጎ ካይ ካሌንጌ በተባለው መንደር ሴቶች ይህን ሲጠቀሙ በክትትሉ ጊዜ አዲስ የኮንዞ ሕመምተኛ አልታየም።

የአፕሪኮት ፍሬ ውስጠኛ ለውዝና መራራ ለውዝም የሳያናይድ ቤተሰብ ናቸው፤ መርዛቸው አሚግዳሊን ይባላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳስታወቀው፣ ለአዋቂ ከሦስት ትንንሽ ጥሬ የአፕሪኮት ለውዝ በላይ በአንድ ጊዜ መብላት ከደኅንነት ወሰን ያሳልፋል፤ ለሕፃን አንዷ ብቻ ብዙ ናት። ካንሰር ይፈውሳል የሚለው ወሬ ሰዎችን ለሳያናይድ መመረዝ ዳርጓል። አትመኑት።

ደረጃ 5፦ ግብጦን በውኃ ማውጣት

መራራ ግብጦ ሉፓኒንና ስፓርቴይን የተባሉ አልካሎይዶችን ይይዛል። የሚያስከትሉት ምልክት ከተለመደው የምግብ መመረዝ ይለያል፦ አፍ ይደርቃል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይመታል፣ ሽንት ይያዛል።

ፍሬውን ለቅማችሁ እጠቡና በብዙ ውኃ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ በጠዋት አብጦ ታገኙታላችሁ። ውኃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውኃ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅሉት። እዚህ ላይ እሳቱ አልካሎይዱን አያጠፋውም፤ ፍሬውን ገድሎ ሽፋኑን ውኃ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል እንጂ። ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ ውኃውን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀይሩት፤ ይህን ለበርካታ ቀናት ቀጥሉ። ስንት ቀን እንደሆነ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ አይደለም። በየቀኑ አንድ ፍሬ ልጣችሁ ንከሱና ትፉት፤ ምሬቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ አልቋል። «ትንሽ ትመራለች» ማለት አላለቀም ማለት ነው። የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ለከብት አታጠጡ፤ ዓሣ ወዳለበት ውኃም አትድፉ።

የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው የታጠበው ግብጦም ሊያስነሣበት ይችላል። ውኃ መርዙን እንጂ አለርጂ አምጪውን ፕሮቲን አይወስድም።

ጎደሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በውስጡ ያሉት የካልሲየም ኦክዛሌት ክሪስታሎች በመርፌ ቅርጽ የተሠሩ ስለሆኑ አፍና ጉሮሮን ይወጋሉ። ስትልጡት እጃችሁን ሸፍኑ፤ በደንብ ቀቅሉት፤ ሲበላ ጉሮሮን ከበላ አልበሰለም።

ደረጃ 6፦ ጓያን መጠኑን መግታት

ጓያ ድርቅንም የውኃ መተኛትንም ተቋቁሞ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚተርፍ ነው፤ አደጋውም ከዚህ ጥንካሬው ይመነጫል። ረኃብ ሲገባ ገበታው ላይ እርሱ ብቻ ይቀራል። ቤታ ኦዳፕ የተባለው መርዙ አንድ ቀን በመብላት የሚጎዳ አይደለም፤ ከዕለት ምግብ አንድ ሦስተኛውን ያህልና ከዚያ በላይ ይዞ ለሁለት፣ ለሦስት ወራት ሲቀጥል እግርን የሚያዙ ነርቮችን ይጎዳል። ጉዳቱ አይመለስም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በደላንታ ዳውንት ወረርሽኞች ተመዝግበዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቫፕኒያርካ የእስረኞች ካምፕ አይሁድ እስረኞች በጓያ እንዲኖሩ ተደርገው በጥቂት ወራት ውስጥ መቶዎቹ እግራቸው ተያዘ፤ መንስኤውን ለይተው የተናገሩት ራሳቸው እስረኛ የነበሩት ሐኪም አርተር ኬስለር ናቸው።

ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል። ስለዚህ ፍሬውን በሙቅ ውኃ ለበርካታ ሰዓታት ዘፍዝፋችሁ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ቀቅሎ ያንንም መድፋት መጠኑን በጉልህ ይቀንሳል። መቁላት በዚህ ደረጃ አይረዳም፤ እሸቱን በጥሬው ማዘውተርም አይመከርም። ዱቄቱን ከእህል ዱቄት ጋር መቀላቀልና ማብላላት በኢትዮጵያ ከተደረጉ ጥናቶች አንጻር አደጋውን የሚቀንስ ሆኖ ተገኝቷል። ከሁሉም በላይ ግን በተከታታይ ወራት ዋና ምግብ አታድርጉት። እግር ሲከብድ፣ ጉልበት ሲገተር ወይም በሌሊት የባት ጡንቻ መኮማተር ሲደጋገም ያኔውኑ አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ደረጃ 7፦ በእህል ውስጥ የተቀላቀለውን መልቀም

አንዳንዴ ሰብሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ አብሮት የታጨደው አረም ይመርዛል። የአጤ ፋሪስ ፍሬ ጠፍጣፋ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያለው፣ ከቡናማ እስከ ጥቁር፣ ስፋቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዛማ አልካሎይዶች በሙቀት በቀላሉ አይጠፉም፤ እህሉ አንዴ ከተፈጨም መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳ ካራሞጃ በእነዚህ አልካሎይዶች የተበከለ የተፈጨ የእርዳታ ምግብ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን አሳምሞ አምስት ገድሏል። በአፍጋኒስታን ሄራት ግዛትም በ1970ዎቹ ስንዴ ውስጥ የገባ የአረም ዘር በፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የብዙ ሺህ ሰዎችን ጉበት ጎድቷል። ስለዚህ እህሉን ከማስፈጨታችሁ በፊት በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ በጥሩ ብርሃን ልቀሙት፣ አንፍሱት፣ በወንፊት አበጥሩት። የማታውቁት ጥቁር ፍሬ በብዛት ካገኛችሁ ከረጢቱን ሁሉ ለይታችሁ አስቀምጡ።

የፓይሮሊዚዲን አልካሎይዶች በቅጠላ ቅጠል ሻይና በባህል መድኃኒት ውስጥም ይገባሉ፤ ጉዳታቸው ቀስ በቀስ የሚከማች ስለሆነ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ስሙን በእርግጠኝነት የማታውቁትን ቅጠል አትቀቅሉ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ፈጽሞ አትስጡ።

ደረጃ 8፦ የሚበላው ማን እንደሆነ መጠየቅ

ባቄላ ቫይሲንና ኮንቫይሲን አለው። ለአብዛኛው ሰው ምንም አይደለም። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በዘር ውርስ ለጎደለው ሰው ግን ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያፈራርሳል። ይህ ጉድለት በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ላይ እንዳለ ይገመታል። ባቄላ፣ በተለይ እሸቱን፣ ከበሉ በኋላ ባሉት አንድና ሁለት ቀናት ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነና ልጁ ከገረጣ ሳትዘገዩ ሆስፒታል ድረሱ። እንዲህ ላለ ሰው መዘፍዘፍም ማብሰልም ዋስትና አይሆንም፤ ያለው መፍትሔ አለመብላት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ይህ ካጋጠመው ሌሎቹም ይመርመሩ።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ግሬፕፍሩት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በፍሬው ውስጥ ያሉ ፉራኖኩማሪኖች አንዳንድ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት መድኃኒቶች በደም ውስጥ እንዲበዙ ያደርጋሉ።

ደረጃ 9፦ መመረዝ ከደረሰ

አፍ ውስጥ የቀረውን አስወጡ፤ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ። በግድ አታስመልሱ፤ ራሱን የሳተ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ራሱን ለሳተ ምንም አታጠጡ፤ በጎኑ አስተኙት። ማጣደፍ ያለባችሁ በተለይ እነዚህ ሲታዩ ነው፦ ትንፋሽ ማጠር ወይም መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ የብሌን መስፋት ከሰውነት ማተኮስ ጋር፣ ደም ያለበት ትውከት። ካሳቫ ወይም የአፕሪኮት ለውዝ ተበልቶ ራስ ምታት፣ መዞርና የትንፋሽ መፍጠን ከመጣ ሳያናይድ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ፤ ማርከሻ መድኃኒት አለው፣ ጠቃሚነቱ ግን በፍጥነት ሲሰጥ ነው።

የጉሎ ፍሬ ታኝኮ ከተዋጠ ግን ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። በውስጡ ያለው ሪሲን የተባለ መርዝ የሚያስከትለው ሕመም ለሰዓታት ዘግይቶ ሊጀምር ስለሚችል፣ ልጁ ደህና መስሎ መጫወቱ ማረጋገጫ አይደለም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ የተክሉን ቅጠል፣ ፍሬና የተረፈውን ምግብ በተለያየ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ምን ያህል እንደተበላ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተበላ፣ የመጀመሪያው ምልክት መቼ እንደታየና አብረው የበሉ ሌሎች ሰዎች እነማን እንደሆኑ በወረቀት ጻፉ፤ አብረው የበሉትም ባይታመሙ እንኳ ይታዩ።